«ጫፉን ብቻ»

«ጫፉን ብቻ ቁረጪልኝ» ብዬ ተቀመጥኩ። መነጽሬን አውልቄ ከመስታወቱ ሥር አኖርኩት። ያለ መነጽር የሚታየኝ ነጭ ጨርቅና ከላዩ ያለ ጥቁር ደመና ብቻ ነው። መቀሱ ከኋላዬ ቀጭ ቀጭ ይላል። እኔ ዘና ብያለሁ። እንዲያውም እንቅልፍ ሸለብ ሳያደርገኝ አልቀረም። ሲያልቅ መነጽሬን አጠለቅኩ። ደረቴ ላይ ይደርስ የነበረው ፀጉር ትከሻዬ ላይ ቆሟል።

«አሁን ጤነኛ ሆነ» አለችኝ ፀጉር ሠሪዋ፣ በሁለት እጇ እያፈሰች እየለቀቀችው። ከልቧ ነው። ደስ ብሏታል።

እኔም «በጣም ያምራል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ከፈልኩና ወጣሁ። ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ይህን ውሸት ዋሽቶ የማያውቅ ሰው እጁን ያውጣ። ቤት ገብቼ ግን ማስመሪያ አወጣሁ። ያጣሁት 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የራስ ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር፣ ቢበዛ ከዚያ ፈቅ ቢል ነው የሚያድገው። ሒሳቡን ሠራሁት። አንድ ዓመት ሙሉ ተቆርጦብኛል።

ንዴቴ በረድ ሲል አንድ ነገር ገባኝ። ልጅቷ አላጠፋችም። የእሷ ጫፍና የእኔ ጫፍ ለየቅል ናቸው። ለእኔ ጫፍ ማለት የአንድ ጣት ወርድ ነው። ለእሷ ጫፍ ማለት የተጎዳው ሁሉ ነው፤ የተሰነጠቀው፣ የሳሳው፣ የደረቀው፣ ጤነኛው እስኪጀምር ድረስ ያለው። የእኔ ደግሞ 12 ሴንቲ ሜትር ሙሉ ተጎድቶ ኖሯል።

ከዚያ ቀን ወዲህ የፀጉር ቤት ቃል አሳዳጅ ሆንኩ። በተቀመጥኩበት ወንበር ሁሉ «ይሄ ምን ማለት ነው?» እላለሁ። አንዳንዷ ትስቃለች። አንዳንዷ መቀሷን አስቀምጣ በዝርዝር ታስረዳኛለች። አንዷማ «ሥራዬን ልትቀሚኝ ነው እንዴ?» ብላኛለች።

ለጫፍ ትክክለኛው የሙያ ቃል ትሪም ነው። ቅርጹን ሳይነኩ ጥቂት መቀነስ ማለት ነው። ከትሪም ያነሰም አለ፤ ደስቲንግ ይሉታል። አቧራ እንደማራገፍ በሉት፤ መሬት ላይ የሚወርደው እፍኝ አይሞላም። የእኔ ጥያቄ ለካ ደስቲንግ ነበር። ቃሉን ግን አላውቀውም። ባውቀውም በቂ አይደለም፤ የአንዷ ትሪም 1 ሴንቲ ሜትር፣ የሌላዋ 5 ሊሆን ይችላል። አሁን በጣቴ ነው የማሳየው። በጣት ማሳየትም የራሱ ጣጣ አለው። እርጥብ ፀጉር ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሉጫ ፀጉር ላይ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጥቅልልና ከርዳዳ ፀጉር ግን ሲደርቅ ግማሽ ርዝመቱን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደብቃል። እንደረጠበ ሁለት ጣት ሲቆረጥ የማይታወቀው፣ ከደረቀ በኋላ መስታወት ፊት ያስደነግጣል። ስለዚህ «ሁለት ጣት» ካልኩ በኋላ «ሲደርቅ» የምትለዋን አስከትላለሁ።

በነገራችን ላይ «ቶሎ ቶሎ ብትቆረጪ ቶሎ ያድግልሻል» የሚባለውን እኔም አምን ነበር። ፀጉር የሚያድገው ከሥሩ ነው። ጫፉ መቆረጡን ሥሩ በምን ይሰማል? የመቆረጥ ጥቅሙ ሌላ ነው። የተሰነጠቀ ጫፍ ዝም ከተባለ ስንጥቁ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፀጉሩም መሃል ላይ ይበጠሳል። ከታች እየተበጠሰ ከላይ ቢያድግ ርዝመቱ ባለበት ይሄዳል። ስንጥቁን እንደ ሙጫ ያጣብቃል የሚባለው ቅባት ደግሞ እስከሚቀጥለው እጥበት ድረስ ያስተኛዋል እንጂ አይጠግነውም።

ሌየርን በቃል ያስረዳኝ ሰው የለም። በእጅ ሲታይ ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ ያሳዩኝ፤ በሙያው ያረጁ። ከጭንቅላቴ ጎን አንድ ዘለላ በሁለት ጣታቸው መሃል ያዙና «እዪ» አሉኝ። ዘለላው ወደ ታች እንደተንጠለጠለ ቢቆረጥ የሁሉም ጫፍ አንድ መስመር ላይ ያርፋል። ጫፉ ወፍራም ይሆናል፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ይህ ብለንት ይባላል። ከዚያ ያንኑ ዘለላ ከራስ ቅሌ ላይ በ90 ዲግሪ ወደ ውጭ ዘረጉት። «እዚህ ላይ ስቆርጠውና ስለቀው የላይኛው ከታችኛው አጥሮ ይወርዳል። ሌየር ይኸው ነው፣ ልጄ።» ምስጢሩ በመቀሱ ላይ ሳይሆን ዘለላውን ወደ ላይ በሚያነሳው እጅ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ፀጉር ሠሪ ስትቆርጠኝ የማየው ግራ እጇን ነው። ከፍ ካለ፣ ከላይ ሊያጥር ነው።

ሌየር የሚጠየቀው ፀጉር ሞላ እንዲል ነው። ወፍራም ፀጉር ላይ ይሠራል፤ ክብደቱን ይቀንስና እንቅስቃሴ ይሰጠዋል። ስስ ፀጉር ላይ ሲበዛ ግን ጫፉን ጭራሽ ያሳሳዋል። ማሳሳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሚሠራበት መቀስ አንዱ ስለት እንደ ሚዶ ጥርስ አለው፤ በአንድ ቅርጣት ከፊሉን ፀጉር ቆርጦ ከፊሉን ይተወዋል። «ትንሽ ላቅልልሽ?» ከተባላችሁ ሊወጣ ያለው ይህ መቀስ ነው። ጥቅልል ፀጉር ላይ ሲበዛ አጫጭሮቹ ዘለላዎች ከጥቅሉ ያፈነግጡና ፀጉሩ ብን ይላል። እኔ «አይ፣ ይቅር» እላለሁ።

ወንዶቹ በዚህ በኩል የተሻለ ዕድል አላቸው። ቃላቸው ቁጥር ነው። የቶንዶዝ ማበጠሪያ 1 ቁጥር ማለት 3 ሚሊ ሜትር፣ 2 ቁጥር 6፣ 4 ቁጥር 13 ያህል ነው። ያለ ማበጠሪያ ሲሆን ዜሮ። ፌድ የተባለው ከላይ ወደ ታች እየሳሳ ሄዶ ቆዳው ውስጥ ይጠፋል። ቴፐር ግን እያጠረ ይሄድና ጆሮና ማጅራት ጋ ሲደርስም ጥቂት ፀጉር ይተዋል። ወንድሜ ሁለቱን አምታቶ ለሠርግ ዋዜማ የወጣበትን ፎቶ እንዳላወጣ አስምሎኛል።

የቃላቱ ጫካ ያለው ቀለም ላይ ነው። እዚህ ላይ የተማርኩት ሁሉ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ፎቶ ይዤ ሄድኩ። ፎቶዋ ላይ ያለችው ሴት ፀጉር አመድማ ቡናማ ነው። «ይሄ እንዲሆንልኝ» አልኩ። የእኔ ጥቁር ነው፤ በዚያ ላይ ከስድስት ወር በፊት የተቀባሁት ጥቁር ቀለም አለበት። ይህን መናገር ግን ትዝም አላለኝ። ስወጣ ሥሩ አካባቢ ወርቃማ፣ ወረድ ሲል ብርቱካናማ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ነበርኩ። ሦስት ሰው በአንድ ራስ።

ምን እንደተፈጠረ የገባኝ በኋላ ነው። ጥቁር ፀጉር ውስጥ ቀይና ቢጫ ተደብቀዋል። ብሊች (ፀጉር የሚያነጣው ኬሚካል) ጥቁረቱን ሲያነሳው መጀመሪያ ቀይ ይወጣል፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ በመጨረሻ የገረጣ ቢጫ። ማንም ጥቁር ፀጉር ያለው ሰው ይህን መንገድ ሳይረግጥ ወደ ነጣ ቀለም አይደርስም። ሥሬ ቀድሞ የነጣው የራስ ቅል ሙቀት ስላለው ነው፤ ሙቀት ሥራውን ያፋጥነዋል። ጫፌ ጥቁር የቀረው ደግሞ በድሮው ቀለም ምክንያት ነው። በሙያው ውስጥ አንድ አባባል አለ፤ ቀለም ቀለምን አያነጣም። በቀለም የጠቆረ ፀጉር ላይ ነጣ ያለ ቀለም ቢደረብ አይታይም፤ የድሮው በብሊች ወይም በማስለቀቂያ መውጣት አለበት፣ እሱም እያንገራገረ ነው የሚወጣው። ፀጉር ሠሪ «ከዚህ በፊት ምን ተቀብተሽ ነበር?» ስትል ወሬ ለማድመቅ መስሎን «ኧረ ምንም» የምንል አለን። አትበሉ። ከሁለት ዓመት በፊት የተቀባችሁት ቀለም አሁንም ጫፋችሁ ላይ ሊኖር ይችላል። ረጅም ፀጉር ያለው ሰው ታሪኩን ተሸክሞ ነው የሚዞረው።

ብርቱካናማውን ያስተካከለልኝ ቶነር ነው። ቶነር የነጣ ፀጉር ላይ የሚደረግ ቀለል ያለ ቀለም ነው፤ ሥራው ያልተፈለገውን ቀለም ማጥፋት ነው። ሕጉ የሠዓሊዎች የቀለም ክብ ነው። ሰማያዊ ብርቱካናማን ያጠፋል፤ ወይን ጠጅ ቢጫን፣ አረንጓዴ ቀይን። እኔ ይህን ሳላውቅ በፊት ቤቴ ቁጭ ብዬ ብርቱካናማ ፀጉሬን ለሁለት ሳምንት በወይን ጠጅ ሻምፖ ሳሸው ነበር። ምን ይሁን? ወይን ጠጁ የቢጫ መድኃኒት ነው። የእኔ የሚፈልገው ሰማያዊ ነበር። ቶነር ደግሞ አይዘልቅም፤ ከአንድ ወር፣ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ታጥቦ ያልቅና የተደበቀው ተመልሶ ብቅ ይላል። ሰው «ቀለሜ ተበላሸ» የሚለው ብዙ ጊዜ ቶነሩ አልቆበት ነው።

የቀለም ቱቦ ላይ ያሉት ቁጥሮችም ሲገቡ ደስ ይላሉ። ለምሳሌ 6.1 ብላችሁ ያዙ። ከነጥቡ በፊት ያለው የጨለማና የብርሃን ደረጃ ነው። 1 ጥቁር ነው፣ 10 እጅግ የነጣ ወርቃማ። 6 እንግዲህ መሃል ላይ፣ በቡናማና በወርቃማ ድንበር ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው የቀለሙን ጠባይ ይናገራል። ብዙዎቹ ምርቶች ላይ 1 አመድማ ነው፣ 3 ወርቃማ፣ 4 የመዳብ ቀለም። ሁሉም ኩባንያ አንድ ዓይነት ቁጥር ስለማይጠቀም ሠንጠረዡን ማየት ይሻላል። ግን «ቡናማ» ከማለት «6፣ አመድማ» ማለት ስንት ክርክር ያድናል! ቡናማ ስንት ዓይነት ነው?

ከሁሉ ያሳቀኝ ቮሊዩም ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ሥራ። ፀጉር ሞላ፣ ነፋ ሲል ቮሊዩም አለው እንላለን። ቀለም የሚበጠብጡት ሰዎች ግን ቮሊዩም ሲሉ የሚያወሩት ስለ ዴቨሎፐር፣ ማለትም ከቀለሙ ጋር ስለሚበጠበጠው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጉልበት ነው። 10 ቮሊዩም 3 በመቶ ነው፤ 20 ቮሊዩም 6፣ 30 ቮሊዩም 9፣ 40 ቮሊዩም 12 በመቶ። ስሙ የመጣው ፈሳሹ ከሚለቀው ኦክስጅን ነው፤ 1 ሊትር ባለ 20 ቮሊዩም ፐሮክሳይድ 20 ሊትር ኦክስጅን ይወጣዋል። ቁጥሩ ሲያድግ ፀጉሩ ይበልጥ ይነጣል፣ ይበልጥም ይጎዳል። «ትንሽ ቮሊዩም ቢኖረው» ስል ቀለም እየበጠበጠች የነበረችው ልጅ ቀና ብላ «ሃያ ነው ያደረግኩት፣ አይበቃም?» ያለችኝ ቀን ለሁለታችንም እስኪገባን ድረስ ተፋጠጥን።

ሃይላይት፣ ባላያዥ፣ ኦምብሬ ስማቸው ያስፈራል እንጂ ነገራቸው ቀላል ነው። ሃይላይት ቀጫጭን ዘለላ እየተመረጠ በፎይል ተጠቅልሎ ይነጣል፤ ከሥሩ ይጀምራል። ባላያዥ በፈረንሳይኛ መጥረግ ማለት ነው፤ ብሊቹ በብሩሽ ጠረግ ጠረግ ተደርጎ በነጻ እጅ ይቀባል። መስመር ስለሌለው ሥሩ ሲያድግ አያሳጣም። ኦምብሬ ከላይ ጨለም ብሎ ወደ ጫፉ እየነጣ የሚሄደው ነው። ባላያዥ ብሎ ጠይቆ ኦምብሬ ይዞ የሚመለስ ሰው ሞልቷል።

ሳይቀቡ በፊት ስለሚደረገው ምርመራም ልናገር፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ፓች ቴስት ይሉታል። ቀለሙ ከ48 ሰዓት በፊት በጥቂቱ ከጆሮ ጀርባ ወይም ክርን ውስጥ ተቀብቶ ይታያል። ብዙ ቋሚ ጥቁር ቀለሞች ውስጥ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ፤ አለርጂ ያለበትን ሰው ፊቱን እስከማሳበጥ ይደርሳል። አሥር ጊዜ ተቀብቶ ምንም ያልሆነ ሰው በአሥራ አንደኛው ሊነሳበት ይችላል። «እኔ ለምጄዋለሁ» አይሠራም።

አሁን ወደ ፐርም። ይህ ቃል ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ፐርም ቋሚ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረ ነው፤ መነሻው ቋሚ ሞገድ ነው። ካርል ኔስለር የተባለ ጀርመናዊ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ሉጫ ፀጉርን በሙቀትና በኬሚካል የሚጠቀልል ዘዴ ይዞ ብቅ አለ። የመጀመሪያ ሙከራዎቹን ያደረገው በሚስቱ ራስ ላይ ነው፤ ፀጉሯንም አቃጥሎታል። (ጋብቻው መትረፉ ይደንቀኛል።) እንግዲህ በመነሻው ፐርም ማለት መጠቅለል ነው። ከርዳዳ ፀጉር የሚሠራባቸው ቤቶች ውስጥ ግን ፐርም ሲባል ሪላክሰር ነው፤ ማስተኛት፣ ማለስለስ። አንድ ቃል፣ ተቃራኒ ውጤት። ጓደኛዬ ለማታውቀው ፀጉር ቤት ደውላ ለፐርም ቀጠሮ ያዘች። ስትደርስ በጎማ የታሰሩ ቀጫጭን መጠቅለያዎች ተደርድረው ጠበቋት። ደግነቱ ዓይን አላት፣ «ለማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ዝም ብትል ኖሮ ጉዳቱ ከመልክ ያልፍ ነበር። የሚጠቀልለው ፐርም ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ቲዮ በሚባለው ኬሚካል ነው። በፀጉር ውስጥ ያለውን የሰልፈር ትስስር ይፈታል፣ ፀጉሩ በመጠቅለያው ቅርጽ ይታጠፋል፣ ከዚያ በኒውትራላይዘር ትስስሩ ተመልሶ ይቋጠራል። ሪላክሰር ግን ብዙውን ጊዜ ሃይድሮክሳይድ የሚባል ሌላ ኬሚካል ነው። ትስስሩን በሌላ ይለውጠዋል፤ ወደ ነበረበት አይመለስም። ሁለቱ አይዋደዱም። በሪላክሰር የለሰለሰ ፀጉር ላይ ቲዮ ሲደረግ ፀጉሩ እጅ ላይ ይቀራል። ጓደኛዬ ደግሞ ሪላክሰር ከተሠራች ገና አራት ወሯ ነበር። ስለዚህ «ፐርም» አትበሉ። «መጠቅለል» ወይም «ማለስለስ» በሉ፤ ከዚያም የመጨረሻው ኬሚካል የትኛው እንደነበር ንገሩ።

ትሪትመንት የሚለው ቃል ደግሞ ሁሉን ይይዛል፣ ምንም አይናገርም። «ትሪትመንት ላድርግልሽ» ስባል «የእርጥበት ነው የፕሮቲን?» እላለሁ። ደርቆ የሻከረ ፀጉር እርጥበት ይፈልጋል። በብሊች የላላ፣ ሲረጥብ እንደ ላስቲክ የሚሳብ ፀጉር ፕሮቲን ይረዳዋል። ፕሮቲን ሲበዛ ፀጉሩ ድርቅ ብሎ ይሰበራል። ኬራቲን ትሪትመንት የተባለው ከስሙ የተለየ ነገር ነው፤ ስሙ ምግብ ያስመስለዋል፣ ሥራው ግን ለጥቂት ወራት ማስተኛት ነው። ፀጉር ራሱ ኬራቲን ነው እኮ። አንዳንዶቹ ምርቶች በፒያስትራ ሲተኮሱ ፎርማልዴሃይድ ይለቃሉ፤ ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ እሱ ነው። ለሚሠራላት ሰው አንድ ቀን ነው። ለምትሠራዋ ልጅ ግን በየቀኑ ነው። መስኮት መኖሩን አያለሁ።

የዕቃዎቹን ስም ሳስብ እገረማለሁ። አማርኛችን ፀጉር ቤት ሲገባ ሰው አስከትሎ ነው። ካስክ፣ ማድረቂያው፣ በፈረንሳይኛ የራስ ቁር ነው፤ ከሥሩ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ወደ ጦር ሜዳ የሚሄድ ይመስላል፣ ልክ ነው። ቶንዶዝም ከፈረንሳይኛ ነው። ፒያስትራ ጣሊያንኛ ነው፣ ዝርግ ብረት። ቢጎዲንና ፎረፎርም እንዲሁ ከጣሊያንኛ። ሻምፖ በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ የሂንዲ ቃል ነው፤ መነሻው ማሸት፣ መጫን ነው። በቀደም ራሴን ስታጠብ ልጅቷ በጣቷ ጫፍ ስታሸኝ ቃሉ ወደ ቤቱ ተመለሰ አልኩ በሆዴ።

የፀጉር ዓይነት ላይ ግን የራሳችን ቃል አለን፤ ሉጫ፣ ዞማ፣ ከርዳዳ። ደስ የሚሉ ቃላት ናቸው፣ ፍርድ ግን አለባቸው። ዞማ ስትባል የሚከፋት ሴት አላየሁም። ከርዳዳ ስትባል የምትስቅም እምብዛም ነው። በ1990ዎቹ አንድሬ ዎከር የተባለ አሜሪካዊ ፀጉር ሠሪ ፀጉርን ከ1 እስከ 4 በቁጥር ከፋፈለው፤ 1 ሉጫ፣ 2 ሞገድ፣ 3 ጥቅልል፣ 4 ከርዳዳ፣ በየሥሩም ፊደል አለ። ቁጥሩም ከፍርድ አላመለጠም፤ አሁን ደግሞ «እኔ ፎር ሲ ነኝ» (4C፣ ከሁሉ ከርዳዳው) የሚለው በምን ድምፅ እንደሚነገር አድምጡ። በዚያ ላይ የአንድ ሰው ራስ ላይ ሁለት ሦስት ዓይነት ፀጉር ይበቅላል። የእኔ ማጅራት ከግንባሬ ጋር ዝምድና የለውም።

ባለፈው ሳምንት ተራዬ ደርሶ ተቀመጥኩ። መነጽሬን አላወለቅኩም። ልጅቷ አዲስ ናት፣ ከእኔ ታንሳለች። «ምን ልሥራሽ፣ እህቴ?» አለችኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ሲደርቅ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንደምፈልግ፣ ሌየሩ እንዳይነካ፣ በዚያ ባለ ጥርስ መቀስ እንዳይሳሳ፣ ጎንና ኋላው አንድ መስመር ላይ እንዲያርፍ፣ የመጨረሻው ቀለም መቼ እንደነበር፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሚዶውን አገጯ ላይ አድርጋ በጥሞና ሰማችኝ።

«እህ!» አለች በመጨረሻ፣ ፊቷ በራ። «ጫፉን ብቻ ማለት ነዋ!»

«ቆይ» አልኳት፣ «መጀመሪያ በጣትሽ አሳዪኝ።»